ለ50 ደቂቃ የሚያዳምጥ ሐኪም ከደሴ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ድባቴና ጭንቀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። መጨረሻው ላይ «ምልክቶቹ ከታዩብዎ ባለሙያ ያማክሩ» ይላል። እኔ ይህን ምክር ሰምቼ ደሴ ላይ ባለሙያ ፍለጋ የወጣሁ ሰው ነኝ። የትኛውን ባለሙያ? የት? በሳምንት ስንቴ? ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ።

መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ያኔ የአገሩ ዕቃ ከአሰብ ተነሥቶ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ነበር የሚያልፈው። በ1983 ግንቦት ጭኖ ሊመጣ ወርዶ በዚያው ቀረ። የ7 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መርዶ አልመጣም። አለ የሚልም አልተገኘም። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንም። እናቴ ስሙ ሲነሳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እኛም መጠየቅ ተውን። ሆድ ይፍጀው ተብሎ ታለፈ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ባለቤቴ መኪና ሊፈልግ ወጣ። ስልክ አይሠራም። ሦስት ሰዓት ቆየ። መጣ፣ ልጃችንን ይዘን ወጣን፣ ከወራት በኋላም ተመለስን። ቤቱ ተዘርፎ ጠበቀን፤ ሰው ግን አልጎደለብንም። ሁሉም «ተመስገን በይ» ይለኛል። እላለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሲዘገይብኝ አልችልም። ልጄ ከትምህርት ቤት 10 ደቂቃ ከቆየች እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ከዚህ የባሰው ሌላው ነው። ባለቤቴን ያለ ምክንያት ማኩረፍ ጀመርኩ። ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብዬ ቀድሜ እኔው እገፋዋለሁ። ምንም ያጠፋው ነገር የለም።

ጎረቤቶቼ አልተዉኝም። አንዷ ጠበል ወሰደችኝ። ሌላዋ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሼህ ዘንድ አድርሳኝ ዱዓ ተደረገልኝ። ከሰኞ ገበያ መልስ ቡና ላይ ቁጭ ብለው «አብሽሪ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ይህ ሁሉ ይዞኛል፤ ባይኖር ምን እሆን እንደነበር እግዜር ይወቅ። ግን ቡናው ላይ የማልናገረው ነገር አለ። የባሌን ነገር እንዴት ብዬ ለጎረቤት አወራለሁ?

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ካርድ አወጣሁ። ኮሪደሩ ሞልቷል። ተራዬ ሲደርስ ጥቂት ደቂቃ ተጠየቅኩ፣ ክኒን ታዘዘልኝ። ሐኪሙን አልወቅስም። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ማየት አለበት። ክኒኑም ሠርቷል፤ እንቅልፌ ተመለሰ፣ መንቀጥቀጡም ቀነሰ። ሰው ክኒን እንዲጥል አልጽፍም። ግን «የምወደውን ሰው ለምንድን ነው የምገፋው?» የሚለውን ጥያቄ ክኒን አይመልሰውም። ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረኝ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ «እሱ አዲስ አበባ ነው» ተባልኩ።

የምፈልገው ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት ኋላ ነው። ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ ይባላል። መነሻው ሲግመንድ ፍሮይድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቪየና ውስጥ የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬ ብዙ ተለውጧል፤ ሶፋ ላይ መጋደም የግድ አይደለም። ከሐኪሙ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 50 ደቂቃ ያህል። አንዳንዱ በጥቂት ወራት ያልቃል፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይሄዳል። የሚፈለገው ሳናውቀው የምንደጋግመው ነገር ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሆድ ውስጥ የቀረው ዛሬ ትዳር ላይ፣ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ይታያል። ለሁሉም ሕመም አይደለም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም እውኑን ከቅዠቱ መለየት ያቃተው ሰው መጀመሪያ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

መድኃኒቱንም ንግግሩንም አንድ ሰው ቢይዝልኝ ብዬ ሳይካትሪስት፣ ማለትም መድኃኒት የሚያዝ የአእምሮ ሐኪም ፈለግኩ። አራት ወር ፈጀብኝ። ሳይካትሪስት ሁሉ ይህን ሕክምና አይሰጥም። ተገቢውን ሥልጠና የወሰደ ሳይኮሎጂስትም (የሥነ ልቦና ባለሙያ) ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱን ሐኪም፣ ንግግሩን እሱ ይይዛሉ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ሁለቱን ወር ባተረፍኩ ነበር። አንዳንዱ «ካውንስሊንግ እንሰጣለን» ብሎ ተቀብሎኝ ምክር ብቻ ሰጠኝ። በኋላ ስደውል በቀጥታ መጠየቅ ተማርኩ። ሳይኮዳይናሚክ ሥልጠና የት ወሰዱ? በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ሊያገኙኝ ይችላሉ? ሥራዎን የሚያዩልዎ ከፍ ያለ ባለሙያ አለ? ጥሩው ሐኪም በጥያቄው አልተቆጣም።

ያገኘሁት አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር። በወር አንዴ እሄድ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ያም ይቀራል። ከክፍያው ጋር መሳፈሪያና ማደሪያው ሲደመር ከደመወዜ ሲሶው ይሄዳል። በቪዲዮ ሞከርን። ነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እሱም ቆመ።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ማክሰኞ ሐኪሙ 10 ደቂቃ ዘገየ። እኔ ስልኩን ፊቴ አቁሜ እጠብቃለሁ። ሲከፍት ገና ሰላም ሳይለኝ «ከዛሬ በኋላ አልቀጥልም» አልኩት። በንዴት ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ «ለ10 ደቂቃ ይህን ያህል አይናደዱም። ሌላ ማንን እየጠበቁ ነበር?» አለኝ። አለቀስኩ። 30 ዓመት ከላይ ያላለቀስኩትን ለቅሶ ስልክ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለሙያዎቹ ለዚህም ስም አላቸው፤ የድሮ ሰው ላይ ያለን ስሜት ሐኪሙ ላይ ሲያርፍ ማለት ነው። በዚህ ሕክምና ያ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ዋናው ሥራ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ለባለቤቴ ስለ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት።

ይህን ለማግኘት ግን ሰው ስልክ፣ ኔትወርክ፣ ገንዘብና የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ያስፈልገዋል። የወረኢሉ ገበሬ ይህ የለውም። ወልድያ ሆና ልጇን የቀበረች እናት የላትም። በጦርነቱ ሰው የጠፋበት፣ መርዶም ያልመጣለት ቤት ደግሞ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው። እኔ ያን ዓይነት ቤት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

አገራችን የራሷን ሳይካትሪስቶች ማሠልጠን የጀመረችው በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ይህን ለመማር ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። አማኑኤል ሆስፒታልም ለአሥርተ ዓመታት የአገሩን ሕመምተኛ ብቻውን ተሸክሟል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ላይ ሳይካትሪስት ይቀመጥ አልልም። የምለው ሊሆን የሚችለውን ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ይመደብ። በሳምንት ሁለት ቀን ለንግግር ሕክምና ብቻ ይሁን። በክልላችን ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሥነ ልቦና መምህራንና የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ አዲስ አበባ ባሉ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች እየታዩ ሥልጠናውን ይውሰዱ። ሆስፒታሎችም ምን ዓይነት ሕክምና እንዳላቸው በር ላይ ይለጥፉ። «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ክኒን ይሁን ንግግር አይነግረንም።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። ቀጣዩ ጽሑፍ «ባለሙያ ያማክሩ» ሲል የትኛውን ባለሙያ ለየትኛው ችግር እንደሆነ ይጨምርልን። ወሎ ውስጥ ይህን ሕክምና የምትሰጡ ካላችሁም በዚሁ ዓምድ ጻፉልን። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የማስተምረው ክፍል የለኝም።

አንዲት መምህርት፣ ከደሴ