ግራን ክሩ ሁሉ አንድ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ፣

ስለ ፈረንሳይ ወይን ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ጠርሙሱ ላይ «ግራን ክሩ» («ታላቅ የወይን ማሳ» እንደማለት ነው) የሚል ካለበት አንደኛ ደረጃ ነው ያላችሁት ሰው ያሳስታል፣ እኔም ተሸውጄበታለሁ። ፈረንሳይ እያለሁ ቤቱ ለጋበዘኝ ሰው «ሳንቴሚሊዮን ግራን ክሩ» የሚል ጠርሙስ፣ ፊደሉ በወርቅ የተጻፈ፣ ገዝቼ በኩራት ሰጠሁት፣ እሱ ሌብሉን ወደ መብራቱ ጠጋ አርጎ አየና «ክላሴ የምትለዋስ የታለች?» ብሎ ሳቀብኝ።

ለካ ሳንቴሚሊዮን በሚባለው የቦርዶ አካባቢ ግራን ክሩ ራሱ አፔላሲዮን (በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ቦታ ስም) ነው፣ ማለትም ከተራው ሳንቴሚሊዮን ጠበቅ ያለ ደንብ አለው እንጂ ማዕረግ አይደለም። ማዕረግ ያላቸው «ክላሴ»፣ ማለትም ደረጃ የተሰጣቸው፣ የተባሉት ናቸው፣ በ2022 በወጣው ዝርዝር 85 ሻቶ (ወይን አምራች ርስት) ብቻ። ሜዶክ የሚባለው ሌላው የቦርዶ አካባቢ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ነው፣ በ1855 ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ደላሎች በሽያጭ ዋጋ እያዩ ሻቶዎቹን አምስት ደረጃ ላይ አስቀመጧቸው፣ እስካሁንም ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ሙቶን ሮትሺልድ የሚባለው ሻቶ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከመውጣቱ በቀር።

ቡርጎኝ የሚባለው ሌላ የወይን አገር ላይ ግን ደረጃው የሚሰጠው ለመሬቱ ነው። ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው ማሳ 50 ሄክታር ገደማ ነው፣ ወደ 80 የሚሆኑ ባለቤቶች ተካፍለውታል፣ ሁሉም ግራን ክሩ ብለው ይጽፋሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም። ይባስ ብሎ ዠቭሬ የሚባለው መንደር በ1847 የዝነኛ ማሳውን የሻምበርታንን ስም ከራሱ ስም ጋር ቀጠለበት፣ ስለዚህ «ዠቭሬ ሻምበርታን» ካለ የመንደር ወይን ነው፣ «ሻምበርታን» ብቻ ካለ ግን ግራን ክሩው ራሱ ነው፣ አጭሩ ስም ነው ኪስ የሚያራቁተው!

ሌላው፣ ከ1935 ጀምሮ ያለው የአፔላሲዮን ቁጥጥር ወይኑ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው የወይን ዝርያ እንደሚፈቀድና ከሄክታር ስንት እንደሚመረት ነው የሚወስነው፣ ይጣፍጣል ብሎ አይፈርምላችሁም። «ቫን ደ ፍራንስ» (የፈረንሳይ ወይን) የሚለው ዝቅተኛው ነው ብላችሁ ጨርሳችሁታል፣ ግን ደንቡ አላፈናፍን ሲላቸው ፈልገው እሱን የሚጽፉ ጎበዝ አምራቾች አሉ። «ግራን ቫን ደ ቦርዶ» (ታላቅ የቦርዶ ወይን) የሚለው ደግሞ ደረጃ ምናምን አይደለም።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት። ያቺን ጠርሙስ በነገራችን ላይ እዛው ከፍተን ጨረስናት፣ ጥሩ ነበረች።

አንባቢያችሁ