የታሪክና ቅርስ ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱን በቦይ ዳር

ዘንድሮ ክበባችን ቤተ መንግሥት ፍለጋ አልወጣም። የሚታይ ጠፍቶ አይደለም። አንኮበር አለ። ዓልዩ አምባ አለ። የወላስማ ነገሥታት ይፋትን ሲገዙ የነበረችው የኖራ ከተማ ፍርስራሽም ከሸዋ ሮቢት ብዙ አይርቅም። ግን በመስከረሙ ስብሰባ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ታሪክ የለም ማለት ነው?" አለች። ከዚያ በኋላ የተያዘው እቅድ ሁሉ ተቀየረ።

ሰፈሯ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ የምትኖር ትንሽ መንደር ናት። ስሟን አልጽፍም። ሽማግሌዎቹ "ጠባችንን አገር ሁሉ ሊያነበው ነው?" ብለው ለምነውናል። ማንጎና ፓፓያ፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የሽንኩርት ማሳ። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ከዚህ በላይ የላትም።

መጀመሪያ የሄድነው በጥቅምት፣ የወንዙን ውሃ ወደ ቦዩ የሚመልሰው ጠለፋ ሲሠራ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጠለፋውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ በየዓመቱ በድንጋይ፣ በቅርንጫፍ፣ በሳርና በጭቃ እንደገና ይሠራል። ቀጥሎ ጠረጋ ነው። ቦዩን የደፈነው ደለል ለየአባወራው እንደ መሬቱ ስፋት በክንድ ተለክቶ ይከፋፈላል። ያልጠረገ ተራ የለውም፤ ቀልድ የለም። ተማሪዎቻችንም አካፋ ይዘው ገቡ። ከነደንብ ልብሳቸው የገቡት ልጆች እናቶች ደውለውልኛል። እውነታቸውን ነው።

ቃለ መጠይቁ ግን መጀመሪያ ላይ አልሄደም። "መንደሩ መቼ ተመሠረተ?" ስንል ሁሉም ትከሻውን ነቀነቀ። አንድ ልጅ ጥያቄውን ቀይሮ "የመጀመሪያው ውሃ የማን ነው?" ሲል ሰው ሁሉ አፉ ተፈታ። የውሃው ተራ የሰፈራው ተራ ነው። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን በጋብቻ ገባ፣ ማን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከተማ ወረደ፣ ሁሉም በተራው ውስጥ ተቀምጧል።

የዓመቱ ትልቁ ግኝታችን የምለው ከዚህ የመጣ ነው። የቦዩ ራስ ላይ ያሉት ስለ ቦዩ ታሪክ የሚያወሩት እምብዛም የላቸውም። "ውሃው ድሮም አለ" ብለው ያልፋሉ። የቦዩ ጭራ ላይ ያሉት ግን የአያትን የአያት ስም ይቆጥሩልሃል። በየትኛው ድርቅ ቦዩ ስንት ቀን እንደደረቀ ያውቃሉ። ውሃ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መብታቸውን በቃል ይዘውት ኖረዋል። ለታሪክ ሰብሳቢ ምክር ካስፈለገ፣ ከጭራው ይጀምር።

ከ1967 ዓ.ም በፊት ቅድሚያው የባለርስቱ ነበር ይላሉ አረጋውያኑ። የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ሲያከፋፍል አንዱ ማሳ ብዙ ሆነ። ቦዩ ግን ያው አንድ ነው። ተራው ያኔ አጠረ፤ የሌሊት ተራም በረከተ። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት "እትዬ፣ ጅብ አያስፈራም?" ብለን ብንጠይቃቸው "ጅቡማ ውሃ አይሰርቅም" አሉን። ባትሪ የሚይዝላቸው ትንሹ ልጃቸው ነው።

የተራ ሰዓት በጥላ ይለካ ነበር። ተራውን የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ የውሃ አባቱ፣ አሳዩን። ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። የጥላቸው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀመጡ። ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገጣጠሙ እስከ ጠጠሩ ድረስ ቆጠሩ። "ሰባት ጫማ። የእገሌ ውሃ አለቀ።" ረጅም ሰው አይጠቅመውም፤ ጫማውም አብሮ ይረዝማል። ሙስሊሞቹ ደግሞ በዙህር (በቀትር) እና በዐስር (በከሰዓት) ሶላት ይከፋፈሉት ነበር። አሁን ሁሉም በሞባይል ነው። "የኔ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራታል" የሚል ክርክርም አብሮ መጥቷል።

የፊዚክስ መምህራችን ባይኖሩ ኖሮ፣ ውሃው ጭራው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል አይቀንስም የሚለው የላይና የታች ሙግት በወሬ ይቀር ነበር። የውሃውን ፍጥነት ለማወቅ ቦዩ ዳር አሥር ሜትር ለካንና ሎሚ ጣልን። (ወንዶቹ ሎሚ መወርወር ከጥምቀት ስላልተላቀቁ ጥቂቱ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል።) ሎሚው 20 ሰከንድ ፈጀ። ቦዩ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 25 ጥልቀት አለው። የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.8 አባዛነው፤ በሰከንድ 60 ሊትር ገደማ ወጣ። ጭራው ላይ ስንደግመው ከግማሽ በታች ሆነ። የአፈር ቦይ ውሃን መንገድ ላይ ያሰርገዋል፤ አንዳንዴም የሰው ዶማ ያግዘዋል። የታቾቹ ደስ አላቸው። የላዮቹ "ሎሚ ምን ያውቃል" አሉ።

የሥነ ዜጋ መምህሩ ደግሞ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዘው መጡ። ሕጉ መስኖን ይፈቅዳል። የላዩን ወይም የታቹን ሰው የቤት ውሃና የከብት ማጠጫ የሚጎዳ ከሆነ ግን ይከለክላል። የውሃ አባቱ ሰምተው ሳቁ። ከብት ውሃ ሳይጠጣ ማሳ አይጠጣም የሚለውን ከአባታቸው ነው የተማሩት። ከ2006ቱ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ወዲህ መተዳደሪያ በጽሑፍ መያዝ ቢመጣም ጠብ ሲነሳ ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

አሁን የሚያስፈራቸው ፓምፕ ነው። አዲስ አበባ ከሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጣሊያን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ደላላ አለ። ሽንኩርት ዋጋ ሲያወጣ አንዳንዱ ከጠለፋው በላይ ሞተር ተክሎ በቀጥታ ከወንዙ ይስባል። እሱ ተራ የለውም፣ ጠረጋም አይወጣም። ውሃ ቀጠነ ብሎ መጣላት እዚህ ተረት አይደለም፤ የማክሰኞ ጉዳይ ነው። በእኔ ግምት የመንደሯን ጠባይ የሠራው ይኸው ነው። ሰዓት አክባሪዎች ናቸው፤ ለክርክር ይፈጥናሉ፤ ግን ነገ አብረው ጠለፋ ስለሚሠሩ ቂም ይዘው አያድሩም።

ልጆቹ ቦዩን ከይፋት ሡልጣኖች ጋር ማገናኘት በጣም ፈልገው ነበር። ማስረጃ ስላላገኘን አልፈቀድኩም። እስካሁን ያኮረፈኝ አለ።

በጸጥታው ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ። ያኔ የተቀዳውን ድምፅ እየገለበጥን፣ ጥቂቱን በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ አቀረብን። በካርቶን የሠራነው የቦይ ካርታ በወላጆች ቀን ተሰቅሏል። የውሃ ኮሚቴው ኮፒ ጠይቋል። አንድ የላይ ሰፈር አባት ደግሞ የማሳቸው ድንበር በሁለት ክንድ ወደ ውስጥ መግባቱን አይተው አመልክተዋል፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ሄደን እንለካለን። መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ ቤተ መጻሕፍት ኑ። ቡትስ ያላችሁ ቅድሚያ አላችሁ።