ስለ አስናቀች ስትጽፉ ክራሯን አትርሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ተዋናይቷና ክራር ደርዳሪዋ ዘፋኝ አስናቀች ወርቁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስላስታወሳችኋት ተባረኩ። ግን ቅሬታ አለኝ። ከግማሽ በላዩ ስለ ቁንጅናዋና ስለ ፍቅር ሕይወቷ ነው። ቆንጆ ነበረች፤ ማን ይክዳል? ሥራዋስ የት ገባ?

ይቺ ሴት መድረክ ላይ ስትወጣ የሴት ገጸ ባሕሪ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ዛሬ ሲያወሩት ያስቃል። ያኔ ግን ለሴት ልጅ ተዋናይ መሆን ስምን ማስጠፋት ነበር። ክራሩም ያው ነው። በገና የዳዊት ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የጠጅ ቤት፣ ሲብስም የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበር። እሷ ሁለቱንም ደርባ ያዘች። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ለረጅም ዓመታት ተውናለች፣ ዘፍናለች፣ ጨፍራለች።

ክራር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ያለው አምስት ወይም ስድስት ክር ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ቅኝት ለመሻገር ክሩን እንደገና መቃኘት አለ። አንዱ እጅ ይመታል፤ የሌላው ጣቶች ያልተፈለገውን ክር ያፍናሉ። በዚያ ላይ መዝፈን፣ በዚያ ላይ ግጥም ማውረድ፣ በዚያ ላይ ተመልካችን በዓይን መያዝ። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ትሠራው ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ውስጥ 16ኛው የእሷ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የውጭው ሰው የተዋወቃት በዜማዋ ነው። እኛ በወሬዋ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ተነስቶ ለገሃር አካባቢ ቴአትር አይቶ ማታ መመለስ ምን እንደሆነ የታክሲ ሰልፍ የቆመ ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ቴአትር ማለት ቴሌቪዥን ነው። ሲመሽ ከየመስኮቱ የሚሰማው ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ነው። እኔም አያለሁ፣ አልዋሽም። የጎረቤቴ ልጅ የቱርኮቹን ተዋናዮች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የትኛዋ ከማን ጋር እንደሠራች፣ የትኛዋ ዘፈን እንደምትሞክር። ራሷም ድምፅ አላት፣ የትምህርት ቤት ድራማም ትሠራለች። ስለ አስናቀች ስጠይቃት ግን «ያቺ የድሮዋ ቆንጆ?» ብላ አቆመች። እናቷ ደግሞ ከማድ ቤት ሆና «ኧረ አዝማሪ እንዳታደርጋት!» አለችኝ። ይኸው፣ ከስንት ዓመት በኋላ!

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አርፋለች። አብረዋት መድረክ ከተካፈሉት በሕይወት ያሉትን ፈልጉልን። ክራሩን እንዴት ለመደችው? ደመወዟ ስንት ነበር? ልምምድ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ቃለ ተውኔቷን እንዴት ታጠና ነበር? እነዚህን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ለዚያች ልጅ ጋዜጣውን ገዝቼ እሰጣታለሁ።

እግረ መንገዳችሁን ለቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ንገሩልን። በበዓል ፕሮግራም መሀል ከአስናቀች ዘፈን አንድ ስንኝ ቆርጠው ከሚያሳዩን፣ በእጃቸው ያለውን ቅጂ ሙሉውን ይልቀቁት። እሑድ ከሰዓት ቢሆን ይመቸናል። መብራት ካለ።

አንባቢያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ