ከውጭ የሚላከው ኢሜይል ገብቶ የውስጡ ሲቀር

ሰላም የአይቲ ግሩፓችን አባላት፣

ከጂሜይል የተላከው ይደርሳል፤ ከፋይናንስ ወደ ግዢ ክፍል የተላከው ግን ይመለሳል። ይህ ሲገጥማችሁ ኢንተርኔቱን አትጠርጥሩ። ኢሜይሉ ወደ ክላውድ ከተዛወረ በኋላ የውስጥ መልእክት የሚያልፍበት አሮጌው የፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር) ሰርቨር የድርጅቱን ዶሜይን (በአድራሻው ከ@ በኋላ ያለውን ስም) አሁንም የራሱ አድርጎ ይቆጥረው ይሆናል። ያኔ ኤምኤክስ ሪከርዱን፣ ማለትም የዶሜይኑ ኢሜይል ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረውን መዝገብ፣ ዞር ብሎም አያይም። አካውንቱን ካጣ «ተቀባዩ አይታወቅም» ብሎ ይመልሳል። አካውንቱ ካለ ደግሞ ይብሳል፦ ላኪው የደረሰ ይመስለዋል፣ መልእክቱ ግን ማንም በማይከፍተው ሳጥን ይከማቻል።

መጀመሪያ የአሮጌውን ሰርቨር የሜይል ሎግ (የመልእክቶች መዝገብ) እዩ። በተቀባዩ መስመር ላይ «ሎካል» (local) የሚል ካያችሁ ነገሩ ተገኘ። የፖስትፊክስ ማስተካከያ ፋይል በሆነው ሜይን ዶት ሲኤፍ (main.cf) ውስጥ ሰርቨሩ የራሱ የሚላቸው ዶሜይኖች ከተዘረዘሩበት «ማይደስቲኔሽን» (mydestination) ከሚለው መስመር ዶሜይኑን አውጡና ለውጡን እንዲያነብ ፖስትፊክስን ሪሎድ አድርጉ። አደራ፣ በአሮጌዎቹ ሳጥኖች የቀረውን ለየባለቤቱ ሳታስተላልፉ ሰርቨሩን እንዳታጠፉ።