ውሃው የእናንተ፣ ጉማሬዋ የማን ነበረች?

ለግድቡ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎት ወድጄ አይደለም። ሦስት ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሦስቱም ላይ የገቢ ማኅተም አለ። ሦስቴም "ጉዳዩ እየታየ ነው" ተብያለሁ። ማን እንደሚያየው ግን መዝገብ ቤቱም አያውቅም። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ።

የካቲት ላይ የሆነውን ላስታውስዎት። ማታ የነበረ ወንዝ ጠዋት የለም። ለካ ለጥገና ተብሎ ሌሊት በሩ ተዘግቷል። የነገረን የለም። ከግድቡ በታች፣ ፓርኩ ዳር፣ አንዲት ጉማሬ ከነልጇ ማጥ ውስጥ ቀረች። ጉማሬ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ካጣች ቆዳዋ ይሰነጠቃል። ያ ደም የሚመስለው ላቧ ጀርባዋ ላይ ደርቆ አየሁት።

እናንተ ጋ ደወልኩ። "የእኛ ሥራ ውሃ ነው፣ እንስሳ አይመለከተንም" ተባልኩ። ፓርኩ ጋ ሮጥኩ። "እንስሳዋ የኛ ናት፣ ውሃው ግን የነሱ ነው" አሉኝ። እሷ እዚያው ፀሐይ ላይ ናት።

በማግስቱ 4 የሰፈራችን ልጆች አካፋና ዶማ ይዘው ገቡ። ከቀረችው ቀጭን ውሃ ወደ ማጡ ቦይ ሊቀዱ ነው። ግማሽ እንዳደረሱ የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ያዟቸው። ጥፋታቸው ያለ ፈቃድ ጥብቅ ክልል መግባት! ጣቢያ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ጉማሬዋ ሞተች። ልጇን ከዚያ ወዲህ ያየ የለም።

የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999ን ለልጆቹ አንብበውላቸዋል፤ ጥሩ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ንስ ለእርስዎ ማን ያንብብልዎት? ቦይ የቆፈረ ይታሰራል፣ ወንዝ የዘጋ ስብሰባ ላይ ነው።

አንድ ባለሙያዎ "ተርባይን ለጉማሬ ሰዓት አይቀይርም" ብሎኛል። ዛምቢያ የኢቴዢ ቴዢን ግድብ ካፉዌ ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ ላይ ስትሠራ፣ ለታችኛው ረግረግ በየዓመቱ ለ4 ሳምንት በሴኮንድ 300 ሜትር ኩብ እንዲለቀቅ ገና በዕቅዱ አስገብታለች። አፈጻጸሙ ሌላ ጣጣ ነው። ግን ያሰበበት ሰው ነበር።

በሩ በቅርቡ እንደገና እንደሚዘጋ ሰምቻለሁ። ቀኑን ይንገሩን። ልጆቹ ዘንድሮ ሕግ አክባሪ ሆነዋል፤ ቦይ ለመቆፈር የፈቃድ ማመልከቻቸውን ከዚህ ጋር አያይዤያለሁ።