እማዬ፣ ለሐኪሟ እውነቱን ንገሪያት

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ትልቁ በቁመት እኔን ደርሶኛል፤ የገዛሁለት ሱሪ ሁሉ ያጥረዋል። ክፍልህን አጽዳ ስለው ልክ እንደ አባዬ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። ስለ እነሱ ሳወራሽ ደስ ስለሚልሽ እዚሁ ላይ ብቆይ በወደድኩ። የምጽፍልሽ ግን ስለ እንቅልፍሽ ነው።

ስጠይቅሽ መልስሽ «ደህና አደርኩ» ነው። ለትልቁ የድምፅ መልእክት የምትልኪለት ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ራሱ ነው የነገረኝ። ሊያሳብቅብሽ ፈልጎ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። «አያቴ መቼ ነው የምትተኛው?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ደግሞ ስልኩን እንደለመድሽው ወደ ጣሪያ አዙረሽ ይዘሽው ነበር። አንዴ ዞር ሲል ቅንድብሽ ላይ ያለውን ሰንበር አየሁት። «የበሩ ጠርዝ ነው» አልሽና ወሬ ቀየርሽ። ትራስሽ አጠገብ ያለውን የኪኒን ማሸጊያም አይቻለሁ። የአባዬ ነው አይደል? ዳያዜፓሙ፣ የሚያረጋጋውና እንቅልፍ የሚያመጣው ኪኒን።

አባዬ ያንን ኪኒን የወሰደው ሐኪም አዞለት ነው፣ ለራሱ ሕመም። አንቺ ዕድሜሽ ከ70 አልፏል። ዳያዜፓም ከአረጋዊ ሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ማታ የተዋጠው ቀንም ሲሠራ ይውላል። ያፈዛል፣ ሚዛን ያስታል፣ ያስረሳል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ለአረጋውያን ባይሰጡ ይመረጣል ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች ውስጥ እሱና መሰሎቹ አሉበት። አንዱ ምክንያት መውደቅና የአጥንት ስብራት ነው። ለአለርጂ ተብሎ የሚሸጠው፣ እንቅልፍ የሚያመጣው ዳይፈንሃይድራሚንም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ብቻ ይሄን አንብበሽ ዛሬውኑ ቆርጠሽ እንዳትተዪው። በየቀኑ ስትወስጂው ከቆየሽ በድንገት ማቆሙ ራሱ አደገኛ ነው፤ እንደሚጥል በሽታ እስከ ማንፈራገጥ ሊያደርስ ይችላል። ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚያስተውሽ ሐኪም ነው።

ለዚህ ነው ቀጠሮ የያዝኩልሽ። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። ሐኪሟ ሴት ናት። ሳልጠይቅሽ ስለያዝኩት ትቆጫለሽ። ተቆጪ። «በስልክ ደግሞ ምን ሕክምና አለ» እንደምትዪም አውቃለሁ። የደም ግፊት መለካትና ደም መመርመር በስክሪን አይቻልም፣ እውነትሽን ነው። ካስፈለገ በአካል ሂጂ ትልሻለች። ስትተኚ ትንፋሽሽ ቆም ቆም ይላል ብላ ከጠረጠረችም ቤት ውስጥ ታስሮ የሚታደር ትንሽ መሣሪያ አለ።

የእንቅልፍ እጦት ዋናው ሕክምና ግን በንግግርና ልማድን በመቀየር ነው። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይሉታል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት መሰጠት ያለበት እሱ ነው ብሏል። በቪዲዮ የተሰጠውንና ፊት ለፊት የተሰጠውን ያነጻጸሩ ጥናቶችም ውጤቱን ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል።

ምን እንደምታደርግሽ ልንገርሽ። መጀመሪያ ለአንድ ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ታስይዝሻለች፦ ስንት ሰዓት አልጋ ገባሽ፣ መቼ እንቅልፍ ወሰደሽ፣ ስንቴ ነቃሽ፣ ቀን ስንት ጊዜ ሸለብ አደረገሽ። ከዚያ አልጋ ላይ የምትቆዪበትን ሰዓት ታሳጥረዋለች። ይሄ ግር ይላል፤ እኔንም ግር ብሎኝ ነበር። አንቺ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገብተሽ እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ትቆያለሽ። የምትተኚው አምስት ሰዓት ቢሆን፣ ሌላው አምስት ሰዓት ስትገላበጪና ስታስቢ ነው የሚያልፈው። ሰውነትሽ አልጋን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይለምደዋል። ስለዚህ ዘግየት ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ጠዋት ግን ሁልጊዜም በተመሳሳይ ሰዓት ትነሻለሽ። እንቅልፉ እየተስተካከለ ሲመጣ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፣ ቀን ቀን ይደክምሻል። መውደቅሽን ማወቅ ያለባትም ለዚህ ነው፤ ለሚወድቅ ሰው ጥንቃቄው ይለያል። የግፊት ኪኒንሽንም አሳያት። ሽንት የሚያበዛ ከሆነና ማታ የምትውጪው ከሆነ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ግን በራስሽ አትቀይሪው።

እማዬ፣ አባዬ የታመመ ጊዜ ስደውል «ተኝቷል» ትዪኝ ነበር። ጠዋት ስደውል ተኝቷል። ማታ ስደውል ተኝቷል። «ሲነሳ ይደውልልሻል።» ከጀርባሽ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ሰምቼ ስጠይቅሽ፣ የጎረቤት ጋሪ ነው አልሽኝ። ፈተናዬን እንዳላቋርጥ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ደጋግመሽ ነግረሽኛል። ፈተናውን አለፍኩ። የእሱን ድምፅ ግን ዳግም አልሰማሁትም። ልተወው ፈልጌ አልወጣልኝ አለ ይሄ ነገር። አሁን «ደህና አደርኩ» ስትዪኝ ያው የያኔው ድምፅሽ ነው። ለስለስ ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል። አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ደረትሽ ላይ አስደግፈሽኝ ቁጭ ብለሽ ታነጊ ነበር። ያንን አልረሳሁም። ግን ውለታሽ አፌን እንዲለጉመኝ አልፈልግም።

የምፈራው... የኮሪደሩ መብራት ሌሊቱን በርቶ ይደር። ምንጣፉንም አስነሺው፣ ጠርዙ ተገልብጧል። የምፈራው አንድ ጠዋት ስደውል ስልክሽን ሌላ ሰው እንዳያነሳው ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ለሐሙስ ስልኩን ማታውኑ ቻርጅ አድርጊው። ሊንኩን ትልቁ ይልክልሻል፣ መንካት ብቻ ነው። መነጽርሽን አድርጊ። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የአባዬንም ጭምር፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድሪያቸው። ስልኩን በእጅሽ አትያዢው፣ ወፈር ያለ መጽሐፍ ላይ አስደግፊው፤ ፊትሽን ማየት አለባት። ለእኔ የማትነግሪኝ ነገር ካለ ይሁን፣ ለእሷ ግን ንገሪያት። ስንት ኪኒን እንደምትውጪ፣ ስንቴ እንደወደቅሽ። ሌሊት ሌሊት አባዬ ትዝ ይልሽ እንደሆነም።

አብሬሽ ልግባ ወይስ ብቻሽን ትሻያለሽ? እስከ ረቡዕ ማታ ንገሪኝ።

ልጅሽ