ቂርቆስ ደጃፍ ላይ ላለችው ልጄ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

ሁለት ቀን ሙሉ ልደውልልሽ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ ስቆጣሽ «እሺ እማዬ» ትዪና ነገሩን ታበርጂብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አክስትሽ ነግራኛለች። እሷን እንዳትቆጪ፣ የማውቅ መስሏት ነው። ባለፈው ሐሙስ የመጨረሻው አውቶቡስ አምልጦሽ ከቺፕንሃም ከተማ እስከ መንደርሽ ሌኮክ በእግርሽ ገባሽ አሉ። ዋናው መንገድ መኪና ይበዛበታል ብለሽ በውስጥ ለውስጡ፣ በዝናብ፣ በስልክ መብራት። ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ! አከራይሽ እቤቷ ተቀምጣ፣ መኪናዋ ደጅ ቆሞ! በጨለማ በእግርሽ አትሂጂ፣ ልጄ።

መንገዱን በነሐሴ ስመጣ አይቼዋለሁ። ግራ ቀኙ ቁጥቋጦ አጥር ነው። የእግረኛ መሄጃ የለው፣ መብራት የለው፣ መኪና ሲመጣ ሰው የሚጠጋበት ስንዝር መሬት የለው። በእንግሊዝ እንዲህ ባለው የገጠር መንገድ ላይ ሌላ ምልክት ካልተተከለ በሰዓት እስከ 60 ማይል መንዳት በሕግ የተፈቀደ ነው፤ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አንቺ ጥቁር ካፖርት ለብሰሽ፣ ቆብሽን እስከ ዐይንሽ አውርደሽ! ማን ያይሻል?

መንደሯን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ወድጃታለሁ። ያ ሁሉ የድንጋይ ቤት፣ የጎበጠ ጣሪያ፣ አንድ አንቴና እንኳ ዐይን ውስጥ የማይገባበት። ማቲልዳ ታልቦት የምትባለው ወይዘሮ በፈረንጆቹ 1944 ገዳሙንም መንደሩንም ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት ባትሰጥ ኖሮ እንዲህ ሆኖ አይቆይም ነበር። ገዳሙን ያቆመችው ኤላ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ነው በ1232 የጀመረችው፣ ኋላም ራሷ እመ ምኔት ሆነች። ይህን ስታነቢልኝ ዝም ያልኩት ደክሞኝ አልነበረም። አባትሽ ትዝ ብሎኝ ነው።

ግን መንደርሽን በማታም አይቻታለሁ። ቀን መስኮቱን ሊያይ ይጋፋ የነበረው አገር ጎብኚ (ያ በ1835 የፎቶግራፍ ጀማሪው ፎክስ ታልቦት ቴምብር የምታክለውን የፎቶ ኔጋቲቭ ያነሳበትን የገዳሙን መስኮት) አመሻሹ ላይ ጠቅልሎ ሄደ፤ ሰፈሩ ጭር አለ። ጆርጅ ኢን መጠጥ ቤት ደጃፍ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ፣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መጠጥ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ሐኪምሽ ግን ቺፕንሃም፣ ሥራሽ ቺፕንሃም፣ አስቤዛሽ ቺፕንሃም። እንዲህ ባለ ቦታ መኪና የሌለው ሰው ኑሮው በአውቶቡሱ ሰዓት ነው። አሁን ደግሞ ታኅሣሥ መጣ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል። በጨለማ በእግርሽ አትሂጂ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያቆምሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ሰሌዳው ላይ «ሲሪያክ» ይላል፤ እኔ የማላውቀው የፈረንጅ ቅዱስ መስሎኝ አለፍኩት። አንቺ ስልክሽን ጎርጉረሽ «እማዬ፣ ቂርቆስ እኮ ነው!» አልሽኝ። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ተወልጄ፣ እዚያው ክርስትና ተነስቼ፣ ዊልትሸር ገጠር ውስጥ ቂርቆስ ቆሞ ጠበቀኝ። ደጁን ስሜ ያለቀስኩት ለዚያ ብቻ መስሎሽ ነበር። አልነበረም።

ቂርቆስ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ኢየሉጣ የፈላውን ጋን ስታይ ፈራች፤ ያበረታት ሕፃኑ ነው። አንቺም ያኔ ሦስት ዓመትሽ ነበር። 1998፣ ለንደን ከገባን አራት ወራችን፣ ጥር። ሌሊት ትኩሳትሽ እንደ ምድጃ ነደደ፤ ስትተነፍሺ ጎድንሽ ይሰረጉዳል። አምቡላንስ ልጥራ ብል እንግሊዝኛው አስፈራኝ። ምድር ቤት ያሉት ጃማይካዊው ሽማግሌ መኪና እንዳላቸው አውቃለሁ። በራቸው ድረስ ወረድኩ። እጄን አነሳሁ። ባለጌ እንዳይሉኝ፣ ከእንቅልፋቸው እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ እጄን አወረድኩ። በጋቢ አዝዬሽ ወጣሁ። አርባ ደቂቃ በውርጭ ሄድኩ። የግራ እግር ካልሲሽ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ስንደርስ እግርሽ በረዶ ሆኗል። አንቺ ግን ጀርባዬ ላይ ሆነሽ «እማዬ አታልቅሺ» ትዪኝ ነበር።

ሳንባ ምች ነበር። ዘጠኝ ቀን ተኛሽ። ሽማግሌው በኋላ ሰምተው ተቆጡኝ፤ በሬ የተሠራው እንዲንኳኳ ነው አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ብርድ ሲነካሽ ስታስይ የምሰማው ያንን አርባ ደቂቃ ነው። ሰው ላለማስቸገር ብለሽ በጨለማ መሄድን ማን እንዳስተማረሽ አውቃለሁ፣ እናቴ። እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የምቆጣው።

አሁን ስሚኝ። አውቶቡሱ ካመለጠሽ ለአከራይሽ ደውዪ። ካላነሳች ታክሲ ጥሪ፣ ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ። የግድ መሄድ ካለብሽም በቀኝ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣልሽ ሂጂ። ግን አትሂጂ። ዝናብ ሲበረታ ኤቨን ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ጥልቀቱ በማታ አይታይም። ሳሉ ከባሰብሽ ለሐኪም ምክር በ111 ደውዪ፤ ትንፋሽ ካጠረሽ ለአምቡላንስ 999፣ ሳትውዪ ሳታድሪ። ቡኮው አልነሳ ያለሽ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ማሞቂያው ጎን በፎጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። በርበሬውንም ከመስኮቱ ሥር አንሺ፣ እርጥበት ይገባዋል።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ቢጫ ሰደርያ ነው፣ የሚያንጸባርቀው፣ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት። አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ። ካፖርቱ ላይ ደርቢው። በውስጥ ኪሱ 20 ፓውንድ ሰፍቼበታለሁ፤ የታክሲ ነው፣ ለሌላ እንዳትፈቺው። ለአከራይሽም ድፎ ዳቦ ልኬያለሁ። ዛሬውኑ በሯን አንኳኩተሽ ስጫት፤ ከዚያ ደውዪልኝና ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ።

እናትሽ